ባትሪያችንን የሚጨርሰው መጠበቅ ነው

የጥናት ዓምድ፦ ገመድ አልባ ኔትወርክ፣ የኃይል ቁጠባና የስልክ ባትሪ



ጠዋት ስልካችንን 100 በመቶ ሞልተን ከቤት እንወጣለን። ትምህርት ላይ ስለምንውል ብዙም አንነካውም። ከሰዓት በኋላ ስናየው ግን ግማሹ የለም። ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ፊልም ሳናይ፣ ሳንደውል ባትሪው የት ሄደ?

በዚህ ትምህርት የምናሳየው መልስ አጭር ነው። በስልኩ ውስጥ ሞገድ የሚልክና የሚቀበል ክፍል አለ፤ ሬዲዮ እንለዋለን። ይህ ሬዲዮ ባትሪ የሚበላው መልእክት ሲልክና ሲቀበል ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው "መልእክት ይመጣ ይሆናል" ብሎ ነቅቶ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ የኃይል ቁጠባ ማለት በስልኩና በኔትወርኩ መካከል የሚደረግ የእንቅልፍ ስምምነት ነው፦ መቼ እንተኛ፣ መቼ እንንቃ? እንቅልፍ ግን በነጻ አይገኝም፤ ዋጋው መዘግየት ነው።

ይህ ለምህንድስና ተማሪ ብቻ የሚሆን ጉዳይ አይደለም። እዚህ አገር ስልክ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው። ለሚሉኢም የምንጠራበት ነው። እናቶቻችን "በሰላም ደረሳችሁ ወይ?" ብለው የሚጠይቁንም በእሱ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ብለን የቀየርነው ነገር ማስጠንቀቂያውን ካዘገየብን፣ ቁጠባው ምን ጠቀመን?

ትምህርቱን ስንጨርስ ሦስት ነገሮችን ማወቅ አለብን፦ ሬዲዮው መቼ ኃይል እንደሚወስድ፣ ስምምነቱ በዋይፋይና በሞባይል ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዲሁም የትኛው መዘግየት እንደማይጎዳንና የትኛውን ፈጽሞ መፍቀድ እንደሌለብን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሬዲዮው ያለበት ሁኔታ

የዋይፋይ ሬዲዮ በማንኛውም ቅጽበት ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል፦ ይልካል፣ ይቀበላል፣ ነቅቶ ያዳምጣል፣ ወይም ይተኛል።

በ2001 ሎራ ፊኒ እና ማርቲን ኒልሰን የተባሉ በስዊድን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በላፕቶፕ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ ካርድ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ ለኩ። በሰከንድ 11 ሜጋቢት በሚያስተላልፈው ካርድ ላይ ያገኙት ይህ ነበር፦

– ሲልክ፦ 284 ሚሊ አምፒር
– ሲቀበል፦ 190 ሚሊ አምፒር
– ነቅቶ ሲያዳምጥ፦ 156 ሚሊ አምፒር
– ሲተኛ፦ 10 ሚሊ አምፒር

የዛሬ ስልኮች ቺፕ ከዚህ በጣም ያነሰ ይወስዳል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ቁጥሮቹን እርስ በርሳቸው ማነጻጸሩ ነው። ነቅቶ ማዳመጥ የመቀበልን 82 በመቶ ይበላል። ማለትም ምንም መልእክት ባይመጣም ሬዲዮው የመጣ ያህል ይደክማል። ሲተኛ ግን ፍጆታው ነቅቶ ሲያዳምጥ ከሚወስደው ከአሥራ አምስት እጅ በላይ ይቀንሳል።

ዝም ብሎ ማዳመጥ ለምን ይህን ያህል ይወስዳል? ሬዲዮው መልእክቱ መቼ እንደሚጀምር አስቀድሞ አያውቅም። በአየር ላይ ያለውን ደካማ ሞገድ ያለማቋረጥ ማጉላትና "ይህ ጫጫታ ነው ወይስ ለእኔ የተላከ ነው?" ብሎ መመርመር አለበት። ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ የቆመ ዘበኛን እናስብ። ሌባ ባይመጣም ሲነጋ ደክሟል።

2. ዋይፋይ፦ አደራ አስቀምጥልኝ

የዋይፋይ መሠረት የሆነው 802.11 የተባለው ደንብ በ1997 ሲወጣ ጀምሮ የእንቅልፍ ስምምነት ነበረበት። አሠራሩ እንደ አደራ ነው።

አንደኛ፣ ስልኩ ከመተኛቱ በፊት ለራውተሩ ይነግረዋል። ለዚህ ረጅም መልእክት አያስፈልገውም፤ በሚልከው እሽግ ራስጌ ላይ ያለች አንዲት ቢት ትበቃዋለች። ቢቷ 1 ከሆነች "ተኝቻለሁ" ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ራውተሩ ለዚያ ስልክ የሚመጣውን ሁሉ በማኅደረ ትውስታው አደራ ያስቀምጣል።

ሦስተኛ፣ ራውተሩ በየጊዜው ቢኮን የሚባል አጭር ምልክት ለሁሉም ያሰማል። በተለመደው አቀማመጥ ይህ በየ102.4 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ማለት ነው። በቢኮኑ ውስጥ "አደራ ያላችሁ እነዚህ ናችሁ" የሚል ዝርዝር አለ። ቢኮኑ የራውተሩን ሰዓትም ይዞ ይመጣል፤ ስልኩ የራሱን ሰዓት በእሱ አስተካክሎ ለሚቀጥለው ቢኮን ልክ በጊዜው ይነቃል።

አራተኛ፣ ስልኩ ነቅቶ ዝርዝሩን ይመለከታል። ቁጥሩ ከሌለበት ወዲያው ተመልሶ ይተኛል። ካለበት "አደራዬን ስጠኝ" ብሎ ይጠይቃል፤ ይቀበላል፤ ከዚያ ይተኛል።

ለአንድ ስልክ ሳይሆን ለሁሉም የሚተላለፍ መልእክት ሲኖርስ? ራውተሩ እሱንም ያቆየውና ዲቲም ከሚባለው የተለየ ቢኮን በኋላ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ዲቲም 3 ከተባለ በየሦስተኛው ቢኮን ማለት ነው። በተማሪዎች መኖሪያ ወይም በግቢ ውስጥ በአንድ ኔትወርክ ላይ ብዙ መሣሪያ ሲኖር፣ አታሚና ቴሌቪዥን የሚፈልጉ መልእክቶች ለሁሉም ይሰራጫሉ። የተኛው ስልካችን ለእሱ ያልሆነውን ሁሉ ለመስማት ይነቃል። ባትሪያችን ቤት ውስጥ ከሚቆየው ይልቅ ግቢ ውስጥ ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

በኋላ የመጣው ዋይፋይ 6 ስምምነቱን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎታል። ስልኩና ራውተሩ "በዚህ ሰዓት እነቃለሁ፤ እስከዚያ አትጥራኝ" ብለው ቀጠሮ መያዝ ይችላሉ። ስልኩ በየቢኮኑ መንቃት አይጠበቅበትም። ለዚህ ግን ሁለቱም፣ ስልኩም ራውተሩም፣ ይህን አሠራር የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

3. እናስላ፦ እስከ የት መተኛት ያዋጣል?

ከላይ ያየናቸውን ቁጥሮች እንውሰድ፦ ነቅቶ 156፣ ተኝቶ 10 ሚሊ አምፒር። ለስሌት እንዲመቸን ስልኩ በነቃ ቁጥር 5 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል እንበል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የነቃበት ድርሻ በ156 ይባዛል፣ የተኛበት ድርሻ በ10 ይባዛል፣ ከዚያ ይደመራል።

– ፈጽሞ ካልተኛ፦ 156 ሚሊ አምፒር፤ መዘግየት የለም።
– በየቢኮኑ ከነቃ፦ ከ102.4 ሚሊ ሰከንድ 5ቱን ነቅቷል፣ ማለትም 4.9 በመቶ። አማካዩ ወደ 17 ሚሊ አምፒር፤ ትልቁ መዘግየት 0.1 ሰከንድ።
– በየሦስተኛው ቢኮን ከነቃ፦ 1.6 በመቶ። አማካዩ ወደ 12 ሚሊ አምፒር፤ ትልቁ መዘግየት 0.3 ሰከንድ።
– በየአሥረኛው ቢኮን ከነቃ፦ ግማሽ በመቶ። አማካዩ ወደ 11 ሚሊ አምፒር፤ ትልቁ መዘግየት 1 ሰከንድ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። የመጀመሪያው እንቅልፍ 139 ሚሊ አምፒር አተረፈልን፤ የከፈልንበትም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ሁለተኛው 5 ብቻ ጨመረልን። ሦስተኛው ከሁለት ያነሰ አተረፈ፣ መዘግየቱን ግን ከሦስት እጅ በላይ አሳደገው። ከዚህ በላይ ብንተኛም ከ10 በታች አንወርድም።

የዚህ ትምህርት ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ትንሽ መዘግየት ትልቅ ቁጠባ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ መዘግየት የሚገዛው ቁጠባ ትንሽ ነው። ማንኛውንም የባትሪ ቆጣቢ ስንከፍት "ይህ የትኛው ነው?" ብለን እንጠይቅ።

4. የሞባይል ኔትወርክ፦ ጅራቱ ነው የሚያስከፍለው

በሞባይል ኔትወርክ ስምምነቱ ሌላ መልክ አለው። ስልኩ ዳታ ሲልክ ከአንቴናው ጋር ግንኙነት ይከፍታል። ልኮ ሲጨርስ ግንኙነቱ ወዲያው አይዘጋም። "ምናልባት ሌላ ይከተል ይሆናል" ተብሎ ለጥቂት ሰከንዶች ክፍት ይቆያል። ለምን ቢባል፣ ግንኙነት መክፈትና መዝጋት ራሱ ጊዜና ልፋት አለው። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ "ጅራት" ተብሎ ይጠራል፤ እኛም እንዲሁ እንበለው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት የ4ጂ ልኬት ጅራቱ 11.6 ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። የጅራቱን ርዝመት የሚወስነው የኔትወርኩ ድርጅት ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለስሌታችን ግን ይህን እንውሰድ።

አንድ አፕ በየደቂቃው "አዲስ ነገር አለ?" ብሎ ይጠይቃል እንበል። ጥያቄው ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል፤ ጅራቱ ግን 11.6 ሰከንድ ይቆያል። በቀን 1,440 ደቂቃ አለ። 1,440 ጊዜ 11.6 ሲባዛ 16,704 ሰከንድ ይሆናል፤ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ማለት ነው። አንዲት ትንሽ አፕ ምንም ሳታመጣልን ሬዲዮውን ከአራት ሰዓት በላይ አስነስታ አዋለችው። ያው አፕ በየ15 ደቂቃው ብቻ ቢጠይቅ ድምሩ 19 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

አሥር አፖች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ቢጠይቁ ደግሞ አንዱ ጅራት ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ሬዲዮው እንቅልፍ የሚባል አያገኝም። ለዚህ ነው አንድሮይድም አይፎንም ለማሳወቂያ አንድ የጋራ መንገድ ያዘጋጁት። እያንዳንዱ አፕ እየሄደ አይጠይቅም። ስልኩ ከአንድ አገልጋይ ጋር አንድ ግንኙነት ይይዛል፤ የሁሉም አፕ መልእክት በእሱ ይመጣል። የመንደር ሰው ሁሉ ደብዳቤ ፍለጋ ከተማ ከሚመላለስ አንድ ሰው የሁሉንም ይዞ ቢመጣ ይሻላል እንደ ማለት ነው።

5. ማማድ ውስጥ ባትሪው ለምን ይሮጣል?

ወላጆቻችን በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ከአንዱ ገደል አፋፍ ወደ ሌላው ሲጣሩ፣ ቅርብ ላለው በቀስታ፣ ሩቅ ላለው በጩኸት ነበር። ስልክም እንዲሁ ነው። አንቴናው ቅርብ ሲሆን በሹክሹክታ ይልካል፤ ሲርቅ ወይም ግድግዳ ሲጋርደው ይጮኻል። ጩኸቱ የሚከፈለው ከባትሪው ነው።

የሲግናል ጥንካሬ በዴሲቤል ይለካል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ የሚደርሰው ኃይል አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ 20 ሲቀንስ አንድ መቶኛ። ስለዚህ ግድግዳው 20 ዴሲቤል ቢወስድ፣ ስልኩ በአንቴናው ዘንድ እንደ ቀድሞው እንዲሰማ መቶ እጅ አጠንክሮ መላክ አለበት። ይህ ግን ጣሪያ አለው። ለተራ የ4ጂ ስልክ ጣሪያው 23 ዴሲቤል ሚሊ ዋት፣ ማለትም 200 ሚሊ ዋት ነው። ማጉያው ሁሉንም ኃይል ወደ ሞገድ መለወጥ ስለማይችል ከባትሪው የሚወጣው ከዚህ ይበልጣል። ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ያለው ምርጫ ቀስ ብሎና እየደጋገመ መላክ ነው። ይህም ሬዲዮው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲነቃ ያደርገዋል።

ማማድ የተሠራው ከፍንዳታ እንዲጠብቀን ነው፤ ወፍራም ኮንክሪት፣ በውስጡ የታሰረ ብረት፣ የብረት በርና የብረት መስኮት አለው። ፍንጣሪን የሚያቆመው ይህ ግንብ ሞገድንም ያዳክማል። በዚያ ላይ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ማማድ ገብተን ቪዲዮ መላክና መደወል ስንጀምር ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ሲግናሉ ጭራሽ ከጠፋም ስልኩ አይተኛም፤ አንቴና ፍለጋ ሞገዶቹን አንድ በአንድ ይቃኛል።

ምን እናድርግ? ራውተሩን ማማድ ውስጥ ወይም በሩ አጠገብ ማድረግ ከሁሉ ይበልጣል። ያኔ ስልኩ ቅርብ ካለው ዋይፋይ ጋር በሹክሹክታ ይነጋገራል፤ ድርጅቱና ስልኩ የሚፈቅዱ ከሆነም ጥሪ በዋይፋይ ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ራውተሩም እንደሚጠፋ ግን አንርሳ፤ ስለዚህ አንድ የሞላ ፓወር ባንክ በማማድ ውስጥ ይቀመጥ። ለቤተሰብ "ደኅና ነን" ለማለት ቪዲዮ ሳይሆን አጭር ጽሑፍ እንላክ። ጽሑፍ በደካማ ሲግናልም ቶሎ ያልፋል፤ ሬዲዮውንም ቶሎ ያሳርፋል።

6. ማዘግየት የሌለብን ነገር

እስካሁን ያየነው መዘግየት በሚሊ ሰከንድና በሰከንድ የሚቆጠር ነበር። የስልኩ የራሱ ባትሪ ቆጣቢ ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ከ2015ቱ አንድሮይድ 6 ጀምሮ፣ ስልኩ ቻርጀር ላይ ሳይሆን፣ ስክሪኑ ጠፍቶና ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ይገባል። አፖች ኔትወርክ የሚያገኙት አልፎ አልፎ በሚከፈት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። በጋራው መንገድ የሚመጣ "አስቸኳይ" የተባለ መልእክት ግን እንዲያልፍ ተፈቅዷል።

ችግሩ የሚመጣው እኛ ወይም ስልኩን የሠራው ድርጅት ከዚህ በላይ ጠበቅ ስናደርገው ነው። አንድ አፕ ከጀርባ እንዳይሠራ ከታገደ መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል። በአንድሮይድ ላይ በቅንብሮች ውስጥ አንድን አፕ በግድ ካስቆምነው ደግሞ እንደገና እስክንከፍተው ድረስ ማሳወቂያ አይደርሰውም።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናድርግ። ከጋዛ ለሚተኮስ ሮኬት ለመጠለል የተሰጠው ጊዜ በስዴሮት 15 ሰከንድ፣ በአሽኬሎን 30 ሰከንድ፣ በቴል አቪቭ 90 ሰከንድ ነው። የዋይፋይ እንቅልፍ 0.3 ሰከንድ ቢወስድብን አንጎዳም። የኢሜይል አፕ በየ15 ደቂቃው ቢነቃም አንጎዳም። የፒኩድ ሃዖሬፍ ማስጠንቀቂያ አፕ አንድ ደቂቃ ቢዘገይ ግን አሽኬሎን ላለ ሰው ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ሮኬቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያ በሌላም መንገድ ይመጣል። አንቴናው በአካባቢው ላሉት ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሰራጨው መልእክት አለ። ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አፕም አይፈልግም። ስልኩ መልስ ስለማይልክም ኔትወርኩ ቢጨናነቅ አይያዝም። ነገር ግን ስልኩ የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ከሆነ አይደርሰውም። "ለሊት ባትሪ እንዳይጨርስ" ብሎ የአውሮፕላን ሁኔታን መክፈት ይህን መንገድ መዝጋት ነው። ይልቅስ ቻርጀር ላይ ሰክቶ መተኛት ይሻላል።

7. የወላጆቻችን ስልክ

በብዙ ቤት የወላጆችን ስልክ የሚያዘጋጀው ልጅ ነው፤ ቅንብሮቹ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ። ስለዚህ ለሰንበት ቤት ስንሄድ፣ ከዓርብ ማታ በፊት፣ አምስት ደቂቃ ወስደን እነዚህን እንመልከትላቸው፦

– የማስጠንቀቂያው አፕ ከባትሪ ቁጠባ ነጻ ይሁን። በባትሪ ቅንብር ውስጥ "ያልተገደበ" የሚለውን እንምረጥለት።
– ማሳወቂያው ከድምፅ ጋር የተፈቀደ መሆኑንና ስልኩ በዝምታ ላይ ሲሆንም እንደሚሰማ እናረጋግጥ።
– ጨዋታ፣ የግብይትና የዜና አፖች ከጀርባ እንዳይሠሩ እናግድ። ቁጠባው ከእነዚህ ይምጣ።
– ራውተሩ ከማማዱ ምን ያህል እንደሚርቅ እንይ፤ ማማድ ውስጥ ገብተን በሩን ዘግተን አንድ ጊዜ እንደውል።
– ያደረግነውን ሁሉ በአማርኛ እናስረዳቸው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ባትሪ ሲያንሰው የሚዘጋውንና የማይዘጋውን ለይቶ ያውቃል።

8. ብዙ ጊዜ የሚባሉ ነገሮች

"ዋይፋይን ማጥፋት ባትሪ ይቆጥባል።" ዳታ የምንጠቀም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ቅርብ ያለ ራውተር ከሩቅ አንቴና ያነሰ ኃይል ይጠይቃል፤ ረጅሙ ጅራትም የለበትም።

"አፖችን በየጊዜው ጠራርጎ መዝጋት ይጠቅማል።" ሁልጊዜ አይደለም። የተዘጋ አፕ ሲከፈት ሁሉንም ከአዲስ ይጭናል። የሚጠቅመው የትኛው አፕ ከጀርባ ብዙ እንደሚሠራ በባትሪ ቅንብር ውስጥ አይቶ እሱን መገደብ ነው።

"በባቡር ላይ ባትሪው ያረጀ ይመስለኛል።" ላይሆን ይችላል። ባቡሩ ሲሮጥ ስልኩ ከአንቴና ወደ አንቴና ይሸጋገራል፤ ሠረገላውም ብረት ነው። የሚያደምጡትንና የሚያነቡትን ቤት በዋይፋይ አውርዶ መውጣት ለውጡን ያሳያል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. በክፍል 3 ስሌት ስልኩ በየሁለተኛው ቢኮን ቢነቃ አማካይ ፍጆታው ስንት ይሆናል?

ለ. ጅራቱ 11.6 ሰከንድ በሆነ ኔትወርክ ላይ አንድ አፕ በየ5 ደቂቃው ቢጠይቅ፣ ሬዲዮው ከቀኑ ስንት በመቶውን በጅራት ያሳልፋል?

ሐ. ግድግዳ 30 ዴሲቤል ቢቀንስ የሚያልፈው ኃይል ስንት እጅ ያንሳል?

መ. ለውይይት፦ በስልካችሁ ላይ ማሳወቂያ የሚልኩ አፖችን በሦስት ክፈሏቸው፦ በሰከንድ ውስጥ መድረስ ያለባቸው፣ በሰዓት ውስጥ ቢደርሱ የሚበቃ፣ ስንከፍታቸው ብቻ ቢያመጡ የሚበቃ። ሦስተኛው ክፍል ስንት ሆነ?

መልስ፦ ሀ. ወደ 13.6 ሚሊ አምፒር። ለ. ወደ 3.9 በመቶ። ሐ. አንድ ሺህ እጅ። የ"መ"ን መልስ ከጓደኞቻችሁ ጋር አነጻጽሩ። አብዛኞቻችን የመጀመሪያው ክፍል አጭር ሆኖ እናገኘዋለን፤ ባትሪውም ለእነዚያ ለጥቂቶቹ ይቀመጥ።

መልካም ጥናት!